ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ

ጋሽ ቱርቦ መኪና ገደሉ ብሎ የሚያወራ ሰው ቢገኝ፣ ድሮ አብረዋቸው የነዱት ሹፌሮች "ዝም በል አንተ!" ብለው ባባረሩት ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲያሽከረክሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ቅጽል ስሙንም ያወጡላቸው እነዚያው ሹፌሮች ናቸው፤ ሌላው ዳገት ላይ ሲያቃስት እሳቸው እያፏጩ ያልፉ ነበር አሉ። ጡረታ ወጥተው፣ ሚስታቸውን ቀብረው፣ ሴት ልጃቸው ቤት ከገቡ ወዲህ ግን የቀረቻቸው መኪና አንዲት ናት፦ የልጃቸው የቤተሰብ ሚኒቫን። እሷንም ቢሆን የሚነዷት ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ያውም ከልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት እስከ ቤት። እና ገደሏት። እሷኑ! ምን ይባላል እንግዲህ።

መኪናዋ አላረጀችም። ሦስት ረድፍ ወንበር ያላት፣ በሯ እየተንሸራተተ የሚከፈት፣ ወለሏ ላይ የብስኩት ፍርፋሪና አንድ እግር የሕፃን ካልሲ የማይጠፋባት የልጆች ቤት መኪና ናት። ካምቢዮዋ፣ የማርሽ ሳጥኗ ማለት ነው፣ አውቶማቲክ ነው። ጋሽ ቱርቦ አውቶማቲክ ሲባል ደስ አይላቸውም። "ይኼ መኪና ነው እንዴ? ሊፍት በለው!" ይላሉ። የለመደው ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ፔዳል ፍለጋ ባዶውን ወለል ሲረግጥ የልጅ ልጃቸው በሳቅ ትሞታለች። ይህቺ ልጅ ገና አንደኛ ክፍል ናት፤ ከእኩዮቿ ሁሉ አጭር ስለሆነች በቤቱ ውስጥ ጢኒጥ ነው የሚሏት።

ትምህርት ቤቱ ያለው ኮረብታው አናት ላይ ነው፤ ቤታቸው ከግርጌው። መሐሉ አንድ ረጅም ቁልቁለት ነው። ጋሽ ቱርቦ ደግሞ ቁልቁለት ሲያዩ እጃቸው አያርፍም። በእሳቸው የሹፌርነት ዘመን ነዳጅ እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ ቀላል መኪና የያዘ ሰው ሁሉ ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹን ዜሮ ያደርግና ሞተሩን አጥፍቶ ይለቃታል፤ ሜዳ ላይ ሲደርስ ያስነሳታል። እንዲህ የማያደርገውን "የማደያ ባለቤት ልጅ መጣ" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ጭነት በያዘ መኪና እንደማይደረግ ያውቃሉ፤ ያንን የሚያደርገው ከነፍሱ የተጣላ ብቻ ነው። ባዶ መኪና ግን ምን ይሆናል? የድሮው ካምቢዮ እንደሆነ ጥርሶቹ ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው የሚዞሩት፤ ሞተር ጠፋ አልጠፋ ጉዳዩም አይደል።

አውቶማቲክ እንዲያ አይደለም። ዘይቱን ለየቦታው የሚያዳርሰው ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ከሮጠ ውስጡ በደረቁ እየተፋጨ ይቃጠላል። ጋሽ ቱርቦ ይህን አያውቁም ነበር። ባለማወቃቸው አይፈረድባቸውም፤ ግን እኮ አንድ ሰው "እንዲህ ባደርጋት ትጎዳለች ወይ?" ብለው ቢጠይቁ ይነግራቸው ነበር። ኧረ እሳቸው መኪና ጠይቀው! ከሚጠይቁ ሞታቸውን ይመርጣሉ።

የመጀመሪያ ቀን ያደረጉት ለነዳጁ ብለው ነው። ልጃቸው ቤት ከገቡ ጀምሮ "ሸክም ሆንኩባቸው" የምትል ሐሳብ ሆዳቸው ውስጥ ተቀምጣ ትበላቸዋለች። የሚተኙት እንኳ ከጢኒጥ ክፍል ተካፍለው ነው። ስለዚህ ባዶ ክፍል መብራት ያጠፋሉ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያጠብቃሉ፣ ያለቀ ሳሙና ከአዲሱ ጋር ያጣብቃሉ። ነዳጁም የዚያው ነው። ሁለተኛ ቀን ያደረጉት ግን ለነዳጁ አልነበረም፣ ለልጅቷ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሞተሩ ሲጠፋና መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ቁልቁል መንሸራተት ስትጀምር ጢኒጥ ዓይኗን አፍጥጣ "አባባ፣ መኪናዋ ተኛች!" አለችና በሳቅ ፈረሰች። በማግስቱ ገና ቀበቶዋን ሳታስር "አስተኛት፣ አስተኛት!" አለች። ከዚያ በኋላ ከሰዓት በመጣ ቁጥር መኪናዋን አስተኝተው መውረድ ሆነ ሥራቸው። ታች ሲደርሱ፣ መኪናዋ እየሮጠች፣ ሞተሩን ቀስቅሰው ማርሹን ጓ! አድርገው ያስገባሉ። መኪናዋ ትንገጫገጫለች። ጢኒጥ ታጨበጭባለች።

"ለእማዬ እንዳትነግሪ እሺ? የኔና ያንቺ ሚስጥር ነው" አሏት።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ። ምንም ክፋት ከሌለው ሚስጥርነቱ ከየት መጣ? ሞተር ሲጠፋ መሪው እንደሚከብድ፣ ፍሬኑም እንደ ድንጋይ እንደሚሆን ያውቃሉ። በእጃቸውና በእግራቸው ተማምነው ነው እንጂ፣ ልጃቸው ብታይ በጩኸት ሰፈሩን እንደምታናጋው ያውቃሉ። ያውቃሉ!

ሐሙስ ጠዋት ጉድ ፈላ። መኪናዋን ጠዋት ጠዋት የምትነዳት ልጃቸው ናት፤ በአንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ጠዋት ሠርታ እኩለ ቀን ላይ መኪናዋን ይዛ ትመለሳለች። የዚያን ዕለት ጢኒጥንና ሕፃን ወንድሟን ከኋላ አሳፍራ ስትሄድ የትራፊክ መብራት ያዛት። አረንጓዴ ሲበራ ነዳጅ ሰጠች። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ንቅንቅ የለም። ደግማ ሰጠች፣ ጩኸት ብቻ። ከኋላዋ የክላክስ መዓት ወረደ። አንዱ ጭራሽ ከመኪናው ወርዶ መስኮቷን አንኳኳና "ማነው ላንቺ መንጃ ፈቃድ የሰጠሽ?" አላት። ሕፃኑ አለቀሰ። መንገደኞች ገፍተው ዳር አወጡላት። ቤት ስትደርስ ፊቷ ፍም መስሎ ነበር።

ይህቺ ጥያቄ ሌላ ሰው ላይ ብትወረወር ተስቆ ይታለፋል። እሷ ግን መንጃ ፈቃዱን ያገኘችው በሦስተኛው ፈተና ነው። ሁለቴ ስትወድቅ ባሏ "ተይው በቃ፣ ሁሉም ሰው ሹፌር አይሆንም" ብሏት ነበር፤ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ስትጨነቅ ማየት መሮት ነው። አይዞሽ ብለው፣ ከአንድ ፋብሪካ ጀርባ ያለ ባዶ ሜዳ ላይ ወስደው፣ መሪ አያያዝ ከሀ ጀምረው ያስተማሯት አባቷ ናቸው። ያለፈች ዕለት ከእሷ በላይ ያለቀሱት እሳቸው ነበሩ።

አሁን ደግሞ ትልቅ ነገር መጥቶላታል። ጤና ጣቢያው በየመንደሩ እየዞረች ነፍሰ ጡር እናቶችን የምታይ አዋላጅ ፈልጎ፣ አለቃዋ "ካንቺ የተሻለ የለኝም" ብላታለች። መኪናው የጤና ጣቢያው ነው፤ ሹፌር ግን የለውም፣ መንዳት ያለባት ራሷ ናት። መልሷን ሰኞ ጠዋት ትሰጣለች። እስከ ሐሙስ ድረስ መልሱ እሺ ነበር፣ ለዚያውም እየዘለለች። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ግን ሶፋው ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ፣ "በገዛ መኪናዬ፣ አስፋልት ላይ እንዲህ የሆንኩ፣ እዚያ ኮረኮንች ላይ ምጥ የያዛትን ሴት ጭኜ ብቆምስ?" አለች።

"መኪና ይበላሻል ልጄ፣ ያለ ነው" አሉ ጋሽ ቱርቦ። ይህቺው ናት ያሏት። ጋዜጣቸውን ገልጠው ፊታቸው ላይ ዘረጉት።

ቅዳሜ ዕለት የልጃቸው ባል "ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ አያታልሉንም" ብሎ ወደ ጋራዥ ይዟቸው ሄደ። ቀያሽ ነው፤ መሬት ሲለካ የሚውል፣ ስለ መኪና ግን ጎማዋ አራት መሆኑን ብቻ የሚያውቅ ሰው። መካኒኩ ካምቢዮውን አውርዶ፣ ፈታትቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶት ጠበቃቸው። ጣቱን ከሥር ያለው ሳህን ውስጥ ነክሮ አሳያቸው። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ከሰል መስሏል፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ ውስጡ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል።

"ያለ ዕድሜው ነው የሞተው" አለ መካኒኩ። "ገና ብዙ ይሠራ ነበር። ዘይት አጥቶ ነው የነደደ። ግን እኮ ዘይቱ ልኩ ነው፣ የሚያፈስበትም የለም። ተጎትታ ታውቃለች?"

"ኧረ በጭራሽ!" አለ ባልየው።

"እንግዲያው ወይ ሞተር እየጠፋ ቁልቁለት ተለቃለች፤ ወይ ደግሞ ሳትቆም ማርሽ እየቀያየሩ ቀጥቅጠዋታል። አብሬ አልነበርኩ፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ማነው የሚነዳት?"

"ባለቤቴ ናት።" ከሰዓት በኋላ ጋሼ እንደሚነዷት አላነሳም፤ እሳቸውን ማን ይጠረጥራል!

"እህ!" አለ መካኒኩ፣ ረዘም አድርጎ። "እሱን አትነግረኝም እንዴ!" ሳቀ። ባልየውም ሳቀ። መካኒኩ ወደ ጋሽ ቱርቦ ዞረ፣ "ጋሽ ቱርቦ፣ እርስዎ የሙያው አባት ነዎት፤ ሴቶቹ እኮ ሲነዱ ሳይሆን ከማርሹ ጋር ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት። ውሸቴን ነው?"

ጋሽ ቱርቦ ሳቁ።

ሳቁ! ሲወራ ራሱ ያሳፍራል። "ሞተር እየጠፋ ቁልቁለት" የምትለዋ ቃል ስትወጣ ወሽመጣቸው ቁርጥ ብሎ ነበር፤ ጠረጴዛውን ተደግፈዋል። የዚያን ሰዓት አፋቸውን ቢከፍቱ የሚያስፈልገው ሁለት ቃል ነው፦ እኔ ነኝ። ግን መካኒኩ "የሙያው አባት" ብሏቸዋል። ከሥራ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠራቸው ሰው የለም። ልጃቸው ቤት ውስጥ ቧንቧ የሚያጠብቁ ሽማግሌ ናቸው፤ እዚህ ግን ጋሽ ቱርቦ ናቸው። ያቺን ስም ከእጃቸው ማውጣት አልሆነላቸውም። ስለዚህ ሳቁ፣ ይባስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ባልየው "ይኸው፣ ጋሼም ያውቁታል!" አለ። በቃ፣ ተፈረደ።

ቤት ሲደርሱ ባልየው ለሚስቱ ነገሩን ለስለስ አድርጎ ሊነግራት ሞከረ። "መካኒኩ አነዳድ ነው አለ እንግዲህ። አንቺን ለመውቀስ አይደለም፤ ጋሼም ነበሩ።"

እሷ ባሏን ትታ አባቷን አየች። "አባዬ፣ እውነት ነው?"

"መካኒክ ብዙ ያወራል" አሉ ጋሽ ቱርቦ፣ ኮታቸውን መስቀያው ላይ እየሰቀሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው። ነውም አይደለም፣ አይደለምም አይደለም። እሷ ነው ብላ ሰማችው። የመኪናዋን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ለባሏ ሰጠችውና፣ "አንተው ያዘው" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

የዚያን ቀን ጋሽ ቱርቦ እህል አልቀመሱም። "ሆዴን" አሉ። እንግዲህ ልጅየዋ ነርስ አይደለች እንዴ፣ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ መጥታ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ክንዳቸው ላይ ጠቅልላ፣ ነፋች፣ አዳመጠች። "ከፍ ብሏል አባዬ" አለች፣ እጃቸውን ሳትለቅ። "ስለ መኪናዋ እያሰብክ ነው አይደል? አታስብ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንተ ምን አደረግክ። ያስተማርከኝን በቅጡ ሳልይዘው ቀርቼ ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ዓይን ዓይኗን እያዩ የተጠቀለለ እጅጌያቸውን አወረዱ። እሷ ትራስ ደግፋላቸው ሄደች።

እሑድ ምሳ ተበልቶ ሲያልቅ ሁሉም እንደተቀመጡ ናቸው። ሕፃኑ አባቱ ጭን ላይ ማንኪያ ያላምጣል። ልጃቸው ሳህኖቹን እየደራረበች፣ በሆዷ ይዛ የከረመችውን ነገር ተናገረች።

"ነገ እምቢ ልላቸው ነው።"

"አስበሽበታል?" አለ ባሏ።

"አስቤበታለሁ። እኔ መንዳት አልችልም፣ አለቀ። መኪና የማይገድል ሰው ይፈልጉ።" ይህን ስትል ልትስቅ ሞክራ ነበር፤ ድምፅዋ መሐል ላይ ከዳት። ሳህኖቹን ይዛ መቆም አቅቷት መልሳ አስቀመጠቻቸው፤ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

"እማዬ አይደለችም" አለች ጢኒጥ። "እኔ ነኝ።"

ጋሽ ቱርቦን የሚጠጡት ውሃ ትን አላቸው።

"ምንድነው አንቺ የሆንሽው?" አለ አባትየው።

"መኪናዋን ያበላሸኋት። ማርሹን ነክቼው ነው። መብራቱ ጋ፣ እማዬ ወደ ሕፃኑ ዞራ ስታይ፣ ቀበቶዬን ፈትቼ፣ በወንበሮቹ መሐል እጄን አስገብቼ፣ እንዲህ እንዲህ አደረግኩት።" ባየር ላይ አሳየች። "በፊትም ነክቼ አውቃለሁ። ስትሄድ። ብዙ ቀን።"

እንዴት ያለ ውሸት ነው ጃል! ቀዳዳ የለው፣ ስፌት የለው። እናትየው ሐሙስ ዕለት ወደ ሕፃኑ ዞራ ነበር፣ እውነቷን ነው። አባትየው መካኒኩ "ሳትቆም ማርሽ እየቀያየሩ" ያለው ትዝ አለውና ጠረጴዛውን መታ።

"ይኸውልሽ! መካኒኩ ብሎታል እኮ! ቀበቶ ፈትተሽ? መኪና እየሄደ? ብትሞቺስ አንቺ ልጅ!" ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ። "በይ፣ የፊታችን ቅዳሜ የጓደኛሽ ልደት የሚባል ነገር የለም። ቤት ነው የምትውዪ!"

ያ ልደት እኮ ጢኒጥ ከርማ ከርማ የምትጠብቀው ነው፤ ቀሚሷ እንኳ ተተኩሶ ተሰቅሏል። አገጯ ተንቀጠቀጠ። ግን ጥርሷን ነክሳ "እሺ" አለች።

እናቷ ሳህኖቹን ገፋ አድርጋ ወደ እሷ ዞረች። ቀጥሎም ቀስ ብላ፣ "እንግዲያ... የኔ አነዳድ አይደለም?" አለች። ጥያቄውን የጠየቀችው ማንን እንደሆነ አይታወቅም። ከሐሙስ ጀምሮ ጆሮዋ ድረስ ወጥቶ የነበረው ትከሻዋ ሲወርድ በዓይን ይታይ ነበር። "እኔ አይደለሁማ! ወይኔ፣ እኔ አይደለሁም!" ሳቅም ልቅሶም መጣባት። ባሏ አፈረ፤ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠና "ይቅርታ፣ በከንቱ ነው ያስጨነቅንሽ" አላት። "ነገ እሺ በያቸው።"

"እላቸዋለሁ!" አለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሁሉም ነገር አማረ። ልጃቸው ሥራዋን አገኘች፤ ባልና ሚስት ታረቁ፤ ጋራዡ ውስጥ ጋሽ ቱርቦ አሁንም የሙያው አባት ናቸው። የተጎዳ ነገር ቢኖር አንዲት የልደት ግብዣ ናት፤ እሷም ብትሆን የልጅ ነገር፣ በሳምንቱ ይረሳል። ጋሽ ቱርቦ ይህን አሰቡት። አላሰቡትም ብሎ የሚከራከርላቸው ይኖር ይሆናል፣ ግን አሰቡት፤ እንዲያውም "ካሳ የሚሆናት አሻንጉሊት እገዛላታለሁ" እስከማለት ደርሰው፣ የመተንፈስ ያህል ቀለል ብሏቸው ነበር።

የዚያን ጊዜ ጢኒጥ ቀና ብላ ጠቀሰቻቸው። በአንድ ዓይን መጥቀስ ገና አልተማረችም፤ ሁለቱንም ዓይኗን ጭፍን አድርጋ ከፈተች። ሽፋሽፍቷ እርጥብ ነበር።

ሰውነታቸው ክው አለ። በዚህች ዕድሜዋ እንዲህ መዋሸት ማን አስተማራት? ማንም አይደለም፣ እሳቸው ናቸው። እዚያ ቁልቁለት ላይ፣ በየቀኑ፣ እያስጨበጨቧት።

"ውሸቷን ነው" አሉ ጋሽ ቱርቦ።

ሁሉም ዞረው አዩዋቸው።

"ልጅቷ ምንም አልነካችም። መኪናዋን የገደልኳት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቼ፣ ዜሮ አድርጌ ነው የምለቃት። መካኒኩ ያለው እሱን ነው። የመጀመሪያውን።"

"ጋሼ፣ ምን እያሉ ነው?" አለ ባልየው። "መካኒኩ ሲናገር እርስዎ እኮ አጠገቤ ቆመው ነበር!"

"ቆሜ ነበር።"

"ሳቁ እኮ!"

"ሳቅሁ።"

ጢኒጥ ከወንበሯ ዘላ ወረደች። "ሚስጥር ነው ብለህ ነበር!" ብላ ጮኸች። አባቷ ሲቆጣት ያልወረደው እንባ አሁን ወረደ። "ለምን ነገርካቸው? እኔ እኮ አስተካክዬው ነበር! እማዬም ደስ ብሏት ነበር! አንተ ነህ ያበላሸኸው!" እግሯ እየተንደፋደፈ ወደ ክፍሏ ሮጠች፤ በሩ ተላተመ።

ልጃቸው ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። አልጮኸችም፤ ቢቀርላቸው የሚወዱት ጩኸቱን አልነበረም፣ እንዲህ ዝግ ብላ መናገሯን ነው።

"ልጄን ይዘህ፣ በዚያ ቁልቁለት፣ ሞተር አጥፍተህ?"

"አዎ።"

"እሺ። በዚያ ልቆጣህ እችላለሁ። መኪናዋንም ብትነግረኝ ያኔውኑ ስቄ አልፈው ነበር፤ አባቴ አረጀ ብዬ።" ቁልፉን አንስታ በእጇ ጨበጠችው። "ትናንት ግን ግፊትህን ስለካ እጅህን ይዤህ ነበር አባዬ። ጥፋቱ የኔ ነው ስልህ ዓይን ዓይኔን እያየህ ዝም አልከኝ። ዓይንህን በጨው አጥበህ! ሥራዬን ልተው ነበር እኮ። ፋብሪካው ጀርባ፣ ትችያለሽ ትችያለሽ ያልከኝ ሰው አንተ አይደለህም?"

"ነኝ" አሉ። ይቅርታ የምትለዋ ቃል አፋቸው ላይ መጥታ ቀለለችባቸው፣ መልሰው ዋጧት።

"እኔም ስቄያለሁ" አለ ባልየው፣ ወደ ሕፃኑ አጎንብሶ።

"ነገ እሺ እላቸዋለሁ" አለች ልጃቸው። "እንደምችል አሁን አውቄያለሁ። አንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ ልጆቼን ይዘህ አትነዳም። መኪናዋ ተሠርታ ብትመጣም።"

"እሺ።"

አንድ ቃል ናት፤ ከአፋቸው ስትወጣ ግን የአርባ ዓመት ሹፌርነታቸውን ይዛ ወጣች። ሳህኖቹን እሳቸው ሰብስበው አጠቡ። የከለከላቸው የለም።

ሲመሽ፣ ገና መብራት ሳይበራ፣ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ጢኒጥ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሿ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ጋሽ ቱርቦ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ።

"ጢኒጥዬ፣ ይቅር በይኝ" አሉ። "ያንን ሚስጥር መጀመሪያውኑ ላሸክምሽ አይገባም ነበር። ወደ ልደቱም ትሄጃለሽ፣ አባትሽን አነጋግሬዋለሁ።"

ጢኒጥ ዞረች፤ ዓይኗ አብጧል፣ ግን በአንድ ነገር ደስ ብሏታል።

"አባባ፣ ግን አምነውኝ ነበር አይደል?" አለች በሹክሹክታ። "አንዳቸውም አላወቁብኝም። አንተ ባትናገር ኖሮ አያውቁም ነበር።" ክንዳቸውን ያዘች። "ጎበዝ ነኝ አይደል?"

ጋሽ ቱርቦ ነሽ ቢሉ ልጅቷ አለቀላት፤ አይደለሽም ቢሉ ለእሳቸው ብላ ያደረገችውን መናቅ ነው። ልጅቷ ክንዳቸውን ይዛ ትጠብቃለች። እሳቸው እጇን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያናውጥ ልቅሶ።

በሩ ላይ ልጃቸው ቆማለች። ስትመጣ አልሰሟትም፤ የጢኒጥን ጥያቄ ግን እሷ ሰምታለች። ገባችና ልጅቷን ከነብርድ ልብሷ አቅፋ አነሳቻት።

"ነይ የኔ እናት" አለቻት። "ከዛሬ ጀምሮ እኛ ጋ ነው የምትተኚው።"

"አባባስ?"

"አባባ እዚሁ ነው የሚተኛ።"

ልጅቷን አድርሳ ስትመለስ ፍራሹን ልትጎትት ጎንበስ አለች። ትልቅ ነው፣ ለአንድ ሰው አይሆንም፤ በሩ ጋ ተሰነቀረባት። ጋሽ ቱርቦ ዓይናቸውን ጠርገው ተነሱና ሌላውን ጫፍ ያዙላት። አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ፣ ፍራሹን በጎኑ አዙረው፣ ተጋግዘው ከክፍሉ አወጡት።